ከለስላሳ ጠርሙስ የውሃ ሮኬት ሠርቶ ማስወንጨፍ፦ ለድሬና ለሐረር ሰው

"ልጆቹ ሮኬት እንሥራ ብለው ይዘውኛል፤ ከየት ልጀምር?" መምህራንም ወላጆችም ደጋግመው ይጠይቁኛል። ቀጥሎ የሚመጣውም ያው አንድ ነው፦ "ውጭ ያለ ዘመድ የሮኬት ኪት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ተገጣጣሚ ዕቃ) ቢያመጣልንስ?" ለሁሉም በየተራ ከማስረዳ አንዴ ጽፌ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ የኪቱን ነገር እንጨርስ። የካርቶን ቱቦው፣ የፕላስቲክ አፍንጫውና ክንፎቹ ምንም ችግር የለባቸውም። ጣጣው ሞተሩ ነው። በትንንሾቹ ሞተሮች ውስጥ የታሸገው ጥቁር ባሩድ ስለሆነ መንገደኛ በሻንጣው ይዞት አውሮፕላን ላይ መውጣት አይችልም። ያለ ሞተር ደግሞ ኪቱ የመደርደሪያ ጌጥ ነው። "ሞተሩን እኛው እንሠራዋለን" የምትሉ ካላችሁ፣ አቦ ተዉት። የክብሪት ራስ ፈቅፍቆ ቱቦ ውስጥ መጠቅጠቅ ጣትና ዓይን የሚያስከፍል ጨዋታ ነው።

የውሃ ሮኬት እሳትም ባሩድም የለውም። ዕቃውም እዚሁ ሞልቷል። ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ይገባል፣ አየር በፓምፕ ይታመቃል። አፉ ሲከፈት አየሩ ውሃውን ቁልቁል ገፍቶ ያስወጣዋል፣ ጠርሙሱም በዚያው ኃይል ሽቅብ ይወነጨፋል። እዚህ በማሳያችሁ አሠራር 20 እና 30 ሜትር ገደማ ይወጣል። ከዚያ በላይ የሚወጡ አሠራሮች አሉ፤ ለጀማሪ ግን ይኼኛው ይሻላል። ምክንያቱን የጠርሙሱን አፍ የሚዘጋው ቡሽ ጋ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

እሳት የለውም ማለት አደጋ የለውም ማለት አይደለም። የታመቀ አየር ቀልድ አያውቅም። ልጆች ይሥሩት፣ ይንፉት፣ ይሩጡለት፤ ግን አዋቂ ሳይኖር አይሁን።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

ለሮኬቱ፦

- 2 ተመሳሳይ የ2 ሊትር የለስላሳ ጠርሙሶች (የ1.5 ሊትርም ይሆናል)
- 1 የቴኒስ ኳስ
- ወፍራም የዕቃ ካርቶን
- ሰፊ የማሸጊያ ፕላስተር
- 3 ሜትር ያህል ጠንካራ ክር

ለማስወንጨፊያው፦

- ከወይን ጠርሙስ የወጣ ቡሽ፣ ወይም ትምህርት ቤታችሁ ቤተ ሙከራ ካለው የጎማ ውታፍ
- 10 ሴ.ሜ. የመዳብ ቱቦ፣ 8 ሚ.ሜ. ገደማ ውፍረት ያለው
- ቢያንስ 8 ሜትር የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቱቦ፣ ግድግዳው ውስጥ ክር የተጠለፈበት
- 2 የቱቦ ማጥበቂያ ፋሸታ
- ከተጣለ የባጃጅ ወይም የሞተር ሳይክል ጎማ የውስጥ ላስቲክ የተቆረጠ ቫልቭ
- 40 በ40 ሴ.ሜ. የሆነ፣ 2 ሴ.ሜ. ውፍረት ያለው ጣውላ
- 3 ቁራጭ ባለ 8 ቁጥር ፌሮ፣ እያንዳንዱ 50 ሴ.ሜ.
- 2 ብሎኬት
- ጌጅ (የግፊት ማሳያ) ያለው የእጅ ወይም የእግር ፓምፕ

ለሜዳው፦ የመከላከያ መነፅር፣ አንድ ጀሪካን ውሃ፣ የግማሽ ሊትር መለኪያ፣ መሬት ላይ መስመር ማስመሪያ ኖራ ወይም ገመድ።

ስለ መግዣው ሁለት ነገር ልበል። የመዳብ ቱቦውን ፍሪጅና ኤሲ የሚጠግን ሰው ጋ ጠይቁ። በድሬ ሙቀት ይህ ሙያ ሥራ አያጣም፤ አንድ ስንዝር ቁራጭ ደግሞ ብዙ ጊዜ በነፃ ይሰጣችኋል። ቫልቩን ጎሚስታ ጋ ከተጣለው ክምር ታገኛላችሁ። ስትሄዱ ረጅሙን ቱቦ ይዛችሁ ሂዱና መዳቡም ቫልቩም ቱቦው ውስጥ ጠበቅ ብለው መግባታቸውን እዚያው ሞክሩ። በቁጥር ብቻ ተማምኖ የገዛ ሰው ሁለቴ ይመላለሳል።

ግንበኞች ለውሃ ልክ የሚጠቀሙበት ስስ ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ አይሆንም። ጥላ ውስጥ ሲሞከር ደህና ይመስላል። ፀሐይ ላይ ሲውል ግን ይለሰልስና ግፊት ሲገባበት እንደ ፊኛ ያብጣል።

ሮኬቱን መሥራት

1. ጠርሙሱን ምረጡ።
ግዴታ ጋዝ ያለው መጠጥ የታሸገበት ይሁን፦ ኮካ፣ ፋንታ፣ ስፕራይት፣ ምንም። ጋዙ ራሱ ከውስጥ ስለሚገፋ እነዚህ ጠርሙሶች ግፊት እንዲችሉ ሆነው ነው የተሠሩት። የታሸገ ውሃ የሚመጣበት ሃይላንድ ግድግዳው ስስ ነው፤ በጭራሽ አትጠቀሙበት።

ጠርሙሱን ከነመጠጡ ገዝታችሁ ቤታችሁ ብትጨርሱት ይመረጣል። ከገበያ የተገዛ ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ዘይት ይሁን ላምባ ምን እንደነበረ አታውቁም፤ ስንት ጊዜ ወድቆ እንደተነሳም እንዲሁ። ወደ ብርሃን አንስታችሁ ዞር ዞር እያደረጋችሁ እዩት። ነጣ ያለ መስመር፣ ጭረት ወይም የታጠፈ ቦታ ካለው ለአፍንጫ ይሁን እንጂ አየር አይሞላበትም። ፕላስቲኩ የሚቀደደው ከዚያች መስመር ተነስቶ ነው።

በቀዝቃዛ ውሃ እጠቡት። የፈላ ውሃ ከገባበት ይጨማደዳል፣ ቅርፁም ጥንካሬውም ይበላሻል። የንግድ ምልክቱን ወረቀት በእጅ ላጡ፤ ቢላ አይነካው።

2. ክንፎቹን ቁረጡና ለጥፉ።
ሦስት ክንፍ ይበቃል። እያንዳንዱ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፍበት ጎኑ 12 ሴ.ሜ.፣ ወደ ውጭ የሚወጣበት 9 ሴ.ሜ. ይሁን። ሲቆረጥ ለመለጠፊያው 2 ሴ.ሜ. ጨምሩ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያልፈው ነገር አለ። የዕቃ ካርቶን በሁለቱ ወረቀቶች መሃል ቦይ ቦይ አለው። ካርቶኑን በእጃችሁ ብታጥፉት በቦዩ አቅጣጫ በቀላሉ ይታጠፋል፣ በተቃራኒው ይግደረደራል። ስለዚህ ቦዩ ከጠርሙሱ ወደ ውጭ እንዲሄድ አድርጋችሁ ቁረጡ። ከጠርሙሱ ጎን ለጎን ከሄደ ክንፉ ገና በመነሻው ላይ ይታጠፍና ሮኬቱ ይጠመዘዛል።

ሦስቱንም ከቆረጣችሁ በኋላ ሁለቱንም ፊት በፕላስተር ሙሉ በሙሉ ሸፍኑ። ካርቶን ውሃ ከጠጣ አለቀለት፤ ይህ ሮኬት ደግሞ ሲነሳ ራሱን ያጥባል። የተተወውን 2 ሴ.ሜ. በቢላ ጫፍ ለሁለት ሰንጥቃችሁ አንዱን ንጣፍ ወደ ግራ፣ አንዱን ወደ ቀኝ ዘርጉ። በእነዚህ ነው የሚለጠፈው።

ቦታቸውን ለማግኘት የወረቀት ጥብጣብ በጠርሙሱ ወገብ ዙሪያ ጠቅልሉ። ልክ ላይ ቁረጡት፣ ለሦስት እጠፉት፣ መልሳችሁ ጠቅልላችሁ እጥፎቹ ያረፉበትን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ክንፎቹ የሚለጠፉት ወደ አፉ በኩል ነው፤ ምክንያቱም ሮኬቱ ሲቆም አፉ ወደ ታች፣ መቀመጫው ወደ ላይ ነው። ክንፉ ከጠርሙሱ አፍ ወርዶ እንዳያልፍ ተጠንቀቁ፣ አለዚያ መቆሚያው ላይ በትክክል አይቀመጥም።

የምትለጥፉት በፕላስተር ብቻ ነው። ሱፐር ግሉ ፕላስቲኩን ያደርቅና ያሰነጥቀዋል። በሙቀት የሚቀልጠው የዱላ ሙጫም ጠርሙሱን በነካበት ቦታ ያለሰልሰዋል። ሁለቱም ለዓይን ጠንካራ ይመስላሉ፣ ግፊት ሲመጣ ግን ጠርሙሱ የሚሄደው እዚያው ላይ ነው። ናስትሮም በድሬ ፀሐይ ሙጫው ይቀልጥና ይንሸራተታል። ሰፊውን ፕላስተር በጠርሙሱ ዙሪያ ሙሉ ዙር አዙሩት፤ ጫፉ በራሱ ላይ ሲያርፍ ነው የሚይዘው። ሥራውን ማታ ወይም ጥላ ውስጥ ብታደርጉት እጅ ላብ ስለማያበዛ ፕላስተሩ በደንብ ይይዛል።

3. አፍንጫውን ሥሩ።
ሁለተኛውን ጠርሙስ ከትከሻው በታች 8 ሴ.ሜ. ያህል ወርዳችሁ ዙሪያውን ቁረጡ። የላይኛውን ክፍል ውሰዱና አንገቱን አስወግዳችሁ 5 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው ቀዳዳ ክፈቱ። የቴኒስ ኳሱን ከውስጥ በኩል ክተቱት፣ ጫፉ በቀዳዳው ብቅ ይበል። ይህን ቆብ በሮኬቱ መቀመጫ ላይ አልብሱት። እምቢ ካለ የቆቡን ጠርዝ ሁለት ሦስት ቦታ በመቀስ ሰንጥቁት። ከዚያ ዙሪያውን በፕላስተር።

ኳሱ ሁለት ሥራ ይሠራል። ክብደቱ 57 ግራም ገደማ ስለሆነ የሮኬቱን ሚዛን ወደ ፊት ይስባል። ለስላሳ ስለሆነ ደግሞ ሮኬቱ ሲወድቅ የሚያርፍበትን አያቆስልም። አፍንጫ ላይ ብረት፣ ድንጋይ፣ ሚስማር፣ ሹል ነገር አይገባም። "ክብደት ያስፈልገዋል" ተብሎ ጠጠር የሚሞላበትን አይቻለሁ፤ ያ ሮኬት ሳይሆን ከሰማይ የሚወረወር ድንጋይ ነው።

4. ሚዛኑን ፈትኑ።
ውሃ ሳይኖረው ሮኬቱን በአንድ ጣት ላይ አጋድሙና ሳይወድቅ የሚቆምበትን ነጥብ ፈልጉ። ነጥቡ ከሮኬቱ ርዝመት ግማሽ ወደ አፍንጫው ያጋደለ መሆን አለበት። በዚያ ነጥብ ላይ ክር አስራችሁ ክሩ እንዳይንሸራተት በፕላስተር ያዙት። ከዚያ ሰፊ ቦታ ላይ 2 ሜትር ያህል ክር ለቃችሁ ከራሳችሁ በላይ አሽከርክሩት።

አፍንጫውን አስቀድሞ የሚዞር ከሆነ ተሳክቷል። በጎኑ ወይም በጭራው የሚዞር ከሆነ፣ ወይም የሚገለባበጥ ከሆነ፣ ኳሱ ሥር 20 ወይም 30 ግራም የሸክላ ጭቃ ጨምሩ፣ አለዚያ ክንፎቹን አስፉ። ይህን ፈተና አትዝለሉት። ሜዳ ላይ ወደ ተመልካች ዞረው የሚመጡት ሮኬቶች ይህችን ፈተና ያልወሰዱት ናቸው።

ማስወንጨፊያውን መሥራት

5. ቡሹን አዘጋጁ።
ቡሹን 3 ሴ.ሜ. ርዝመት ላይ ቁረጡት። ደረቅ ቡሽ ሲበሳ ይፈረካከሳል፤ ስለዚህ አስቀድማችሁ ጥቂት ደቂቃ በፈላ ውሃ ቀቅሉት። መሃሉን ከመዳቡ በጥቂቱ በሚጠብ የመሰርሰሪያ ጫፍ ብሱ። መዳቡ በላይ በኩል ግማሽ ሴንቲ ሜትር ብቅ እስኪል ድረስ እያሽከረከራችሁ አስገቡት። በታች በኩል የቀረው 6 ወይም 7 ሴ.ሜ. ለጣውላውና ለቱቦው ነው።

አሁን ቡሹን ጠርሙሱ አፍ ውስጥ በእጃችሁ እየጠመዘዛችሁ ክተቱ። 1.5 ሴ.ሜ. ገብቶ እምቢ ማለት አለበት። ከላላ ቴፍሎን ጠቅልሉበት፣ ከጠበቀ በአሸዋ ወረቀት አለስልሱት። የገባበትን ጥልቀት ቡሹ ላይ በእስክሪብቶ አስምሩ።

መስመሯ ቀላል ነገር አይደለችም። ይህ ሮኬት ቁልፍ ወይም ማስለቀቂያ የለውም፤ ግፊቱ ቡሹን ሲያሸንፍ በራሱ ይለቃል። ቡሹ በጥልቀት ከገባ ዘግይቶ በከፍተኛ ግፊት ይለቃል፣ ብዙ ካልገባ ቶሎ ይለቃል። ሁልጊዜ እስከ መስመሯ ካስገባችሁት፣ ከመክተታችሁም በፊት ሁልጊዜ ውሃ ካስነካችሁት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ25 እስከ 40 ፒኤስአይ (ጌጁ ላይ የሚነበበው የግፊት መለኪያ) መካከል ይለቃል።

ጤነኛ የለስላሳ ጠርሙስ ከዚህ እጅግ የሚበልጥ ግፊት ይችላል። ስለዚህ ጠርሙሱ ከመፈንዳቱ ቡሹ ይቀድማል። ሮኬቱ ከ30 ሜትር የማያልፈውም፣ ለጀማሪ የምመርጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። "ከፍ እንዲል" ብሎ ቡሹን በሙጫ ያጣበቀ ወይም በሽቦ ያሰረ ሰው የደህንነት ቫልቩን ዘግቶ ጠርሙሱን ቦምብ አደረገው ማለት ነው።

6. ቱቦውንና ቫልቩን ግጠሙ።
የቱቦውን አንድ ጫፍ በመዳቡ ላይ ከታች አስገቡና በፋሸታ አጥብቁ። በቡሹ ሥርና በፋሸታው መካከል 3 ሴ.ሜ. ክፍት ይቅር፤ ጣውላው የሚገባው እዚያ ነው። በሌላኛው ጫፍ ቫልቩን ክተቱና በሁለተኛው ፋሸታ አጥብቁ። አየሩ እንዳይመለስ የሚይዘው ቫልቩ ነው። ችግር ሲፈጠር ሮኬቱ አጠገብ ሳትሄዱ አየሩን የምትለቁትም በዚሁ ነው።

ቱቦውን አታሳጥሩት። 8 ሜትሩ የሚነፋውን ሰው ከሮኬቱ የሚያርቅ ነው።

7. መቆሚያውን ሥሩ።
ጣውላውን ከአንዱ ጠርዝ መሃል ጀምራችሁ እስከ እምብርቱ ድረስ በመጋዝ ሰንጥቁ። የስንጥቁ ስፋት መዳቡን ያሳልፍ፣ ቡሹን ግን አያሳልፍ፦ 1.5 ሴ.ሜ. ልክ ነው። በዚህ ስንጥቅ መዳቡን ከጎን አንሸራታችሁ ታስገባላችሁ፤ ቱቦውን በየጊዜው መፍታትና መግጠም ይቀርላችኋል።

በእምብርቱ ዙሪያ በእኩል ርቀት ሦስት ቀዳዳ ብሱና ፌሮዎቹን ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ። በሦስቱ መካከል ጠርሙሱ ሳይጨናነቅ መንሸራተት አለበት፤ ክንፎቹ በፌሮዎቹ መካከል ያልፋሉ። ጣውላውን በሁለቱ ብሎኬቶች ላይ አስቀምጡት። ጣውላ መብሳት የሚከብዳችሁ በያጅ ጋ ሦስት እግር ያለው ቀለበት ማስበየድ ትችላላችሁ። የፌሮዎቹን ጫፍ በጨርቅና በፕላስተር ወይም በጠርሙስ ክዳን ሸፍኑ። ጎንበስ ብሎ የሚያይ ልጅ ዓይን ልክ በዚያ ከፍታ ላይ ነው የሚገኘው።

ፌሮዎቹ ለምን አስፈለጉ? ክንፍ የሚሠራው አየር ሲያገኘው ነው። ሮኬቱ ሲነሳ ገና ፍጥነት ስለሌለው ክንፎቹ አይረዱትም። በዚያ ላይ ውሃው ከታች ስለሆነ ሚዛኑ ወደ ኋላ ይጎተታል። በዚያች የመጀመሪያ ግማሽ ሜትር አቅጣጫ የሚያስይዙት ፌሮዎቹ ናቸው።

8. በሙሉ ውሃ ሞክሩ።
ሜዳ ከመውጣታችሁ በፊት ጠርሙሱን እስከ አፉ ውሃ ሙሉት፣ ቡሹን እስከ መስመሯ ክተቱ፣ መቆሚያው ላይ አቁሙና ከሩቅ ንፉ። ውሃ ስለማይታመቅ ጉልበት አያጠራቅምም። ጠርሙሱ ቢቀደድ እንኳ ውሃ ያፈሳል እንጂ አይፈነዳም። ቡሹ ሲለቅ ሮኬቱ ትንሽ ብድግ ብሎ ይቀመጣል። የሚያፈስ መገጣጠሚያ ካለ አሁን ታዩታላችሁ። ቡሹ የለቀቀበትን የጌጅ ቁጥርም ጻፉት፤ ሜዳ ላይ ያ ቁጥር ይጠቅማችኋል።

ሜዳው ላይ

9. ቦታና ሰዓት ምረጡ።
የእግር ኳስ ሜዳ የሚያህል ክፍት ቦታ ያስፈልጋል። በአካባቢው የመብራት ሽቦ፣ አስፋልትና የቆርቆሮ ጣሪያ አይኑር። ኤርፖርቱ አካባቢ ጨርሶ አይሞከርም። የአዲሱ ባቡር መስመር አካባቢም እንዲሁ፤ ከሐዲዱ በላይ የተዘረጋው ሽቦ 25,000 ቮልት ይሸከማል፣ ሮኬታችሁ ደግሞ እርጥብ ነው።

የደቻቱ ወንዝ አሸዋ በበጋ ሲያዩት ሜዳ ይመስላል። በዝናብ ወራት ግን አትቁሙበት። ከተማው ላይ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ የዘነበው ጎርፍ ሆኖ ይመጣል፤ የ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻውን ጎርፍ ድሬ አልረሳውም።

ሐረር ያላችሁ ከጀጎል ውጡ፤ በእነዚያ ጠባብ መንገዶች መሃል የሚሆን ነገር አይደለም። ቁልቁለት ቦታም አይመረጥም፤ ሮኬቱ ከወደቀ በኋላ ተንከባሎ ድንጋይ ለድንጋይ ይጫጫራል። ሐረር ከድሬ ከፍ ስለምትል አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ሮኬቱም ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። ለዚህ ብላችሁ የምትቀይሩት ነገር ግን የለም።

ሰዓቱ ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ድሬ ላይ ነፋስ ይነሳል፣ ሙቀቱም ጠርሙሱን ያለሰልሳል። ጠርሙሶቹን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉ።

አስቀድማችሁ ለቀበሌውና ለጎረቤት ንገሩ። "የሳይንስ ክበብ የውሃ ሙከራ ነው" በሉ፤ "ሮኬት ልናስወነጭፍ ነው" ብላችሁ ከጀመራችሁ ማስረዳቱ ረጅም ነው።

10. መስመር አስምሩ።
ከመቆሚያው 15 ሜትር ላይ የተመልካች መስመር አስምሩ። የሚነፋው ሰው ብቻ ቱቦው እስከደረሰበት ይቀርባል፣ መነፅርም ያደርጋል። ነፋስ ካለ ተመልካቹን ነፋሱ በሚመጣበትም ሆነ በሚሄድበት አቅጣጫ አታቁሙት፤ ነፋሱ ከጎኑ ይሁን። ክንፍ ያለው ነገር አፍንጫውን ወደ ነፋሱ መምጫ ማዞር ይወዳል፣ ሲወድቅ ደግሞ ነፋሱ ይገፋዋል። ስለዚህ ከሁለቱ ወደ አንዱ ይሄዳል።

11. ውሃ ሙሉና አቁሙ።
ለ2 ሊትር ጠርሙስ ግማሽ ሊትር ውሃ፣ ለ1.5 ሊትር ከዚያ ትንሽ ያነሰ። አንድ አራተኛ ማለት ነው። ውሃው ከበዛ ለአየር ቦታ ያንሳል፣ ጉልበቱ ያለው ደግሞ አየሩ ውስጥ ነው። ውሃው ካነሰ የሚገፋው ነገር ቶሎ ያልቅበታል።

ሮኬቱን በአፍንጫው ዘቅዝቃችሁ ያዙ። ውሃውን አስገቡ፣ ቡሹን ውሃ አስነኩና እስከ መስመሯ ጠምዝዙት። ቀና አድርጋችሁ ከፌሮዎቹ በላይ አንሱት። የተንጠለጠለውን ቱቦ በስንጥቁ በኩል አስገቡና ሮኬቱን ቀስ ብላችሁ አውርዱ። ጣውላው ከሁለቱ ብሎኬቶች ላይ ስለተቀመጠ ቱቦው ከሥር እንደ ልብ ይዞራል። ቡሹ ጣውላው ላይ ካረፈ ጨርሳችኋል፤ ወደ ኋላ ሂዱ።

12. ንፉ።
የመጀመሪያዋ የፓምፕ ምት ከመመታቷ በፊት ከሚነፋው ሰው በቀር ሁሉም ከመስመሩ ኋላ ይሁን። የዚህ ሮኬት ትልቁ ጠባይ መቼ እንደሚነሳ አለመናገሩ ነው። ስለዚህ "ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ" የሚባለው መንፋት ሲጀመር ነው። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው፣ ፍየልም ቢሆን፣ ወደ ሜዳው ከገባ መንፋት ይቆማል።

የሚነፋው ሰው ጌጁን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው ሁሉ ሮኬቱን ይይ። ሲነሳ "ተነሳ!" ብላችሁ ጩኹ፤ መሬት እስኪነካ ማንም ዓይኑን አይንቀል። ለመያዝ መሮጥ ክልክል ነው። ልጆች ይህን የሚሰሙት አስቀድሞ ከተነገራቸው ብቻ ነው።

13. ካልተነሳ።
50 ፒኤስአይ ደርሶ ካልለቀቀ መንፋት አቁሙ። ወደ ሮኬቱ አትሂዱ፣ ቱቦውንም አትጎትቱ። ፓምፑን ከቫልቩ አላቁና በቫልቩ መሃል ያለችውን መርፌ በእስክሪብቶ ጫፍ ተጫኑ። መጀመሪያ ቱቦው ውስጥ ያለው አየር፣ ቀጥሎ የጠርሙሱ ውሃ፣ በመጨረሻም የቀረው አየር በቱቦው ይወጣል። ድምፁ ፀጥ ሲል አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ከዚያ ሂዱና ቡሹን በትንሹ አላሉት።

14. ከእያንዳንዱ በረራ በኋላ መርምሩ።
ጠርሙሱን እንደገና ወደ ብርሃን አንሱት። የተጨረመተ ወይም ነጭ መስመር ያወጣ ከሆነ እዚያው በመቀስ ቀዳዱት፤ ካልተቀደደ ከልጆቹ አንዱ ቤት ወስዶ ይነፋዋል። ምንም ባይታይበትም ከ10 ያህል በረራ በኋላ ቀይሩት። ፀሐይና ውድቀት የሚያደክሙት በማይታይ መንገድ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥሙ ችግሮች

*ተነስቶ ወዲያው ይገለበጣል።* አፍንጫው ቀሏል ወይም አንዱ ክንፍ ተጣሟል። ወደ ተራ ቁጥር 4 ተመለሱ።

*እየተሽከረከረ ይወጣል።* ክንፎቹ ቀጥ ብለው አልተለጠፉም። ትንሽ ሽክርክሪት አይጎዳም፣ እንዲያውም ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ያግዘዋል፤ ከፍታውን ግን ይቀንሳል።

*በ10 እና በ15 ፒኤስአይ ይለቃል።* ቡሹ ላልቷል ወይም አርጅቷል። ብዙ ጊዜ ውሃ የጠጣ ቡሽ ይለሰልሳልና መለዋወጫ ያዙ።

*ጌጁ ይወጣል፣ መንፋት ሲቆም ይወርዳል።* የሚያፈስ ቦታ አለ። መገጣጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀቡና አረፋ የሚሠራበትን ፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የቫልቩ ፋሸታ ነው።

*ፌሮዎቹ መሃል ይያዛል።* አንዱ ፌሮ አጋድሏል፣ ወይም የክንፉ ፕላስተር ጠርዝ ተልጦ እየያዘው ነው።

ቀጥለው የሚመጡ ጥያቄዎች

*ምን ያህል ከፍ እንዳለ እንዴት እናውቃለን?* አንድ ተማሪ ከመቆሚያው 30 ሜትር ርቆ ይቁም። ፕሮትራክተር ላይ ክርና ጠጠር አንጠልጥሎ ሮኬቱ ከፍታው ላይ ሲደርስ ያለውን አንግል ያንብብ። 45 ዲግሪ ከሆነ ከፍታው 30 ሜትር ነው። 30 ዲግሪ ከሆነ 17 ሜትር ገደማ። በሁለቱም ላይ የተማሪውን ዓይን ከፍታ ጨምሩ። ትሪጎኖሜትሪ ለምን ይጠቅማል ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ ካላችሁ መለኪያውን ለሱ ስጡት።

*ፓራሹትስ?* ከፌስታል ይሠራል። ከባዱ በትክክለኛው ጊዜ እንዲከፈት ማድረጉ ነው። ያለ ፓራሹት ቀጥ ብሎ መውጣቱን ሳታረጋግጡ አትጀምሩት፤ ያላግባብ የተከፈተ ፓራሹት ሮኬቱን ነፋስ ወደወሰደበት ጣሪያ ያደርሰዋል።

*ጎሚስታ ጋ ባለው ኮምፕሬሰር ብንሞላውስ?* አይሆንም። ኮምፕሬሰር በሰከንዶች ውስጥ ስለሚሞላ ጌጁን አንብቦ ለማቆም ጊዜ አይሰጥም፤ ጎሚስታው ፊት ለፊት ደግሞ ሁልጊዜ ሰው አለ። የእጅ ፓምፕ ዘገምተኛ ነው፣ የሚፈለገውም ያ ነው።